የነጋዴ ቶከን ወይስ የኤግዚቢሽን ማስታወሻ? ጀማሪ ሰብሳቢ የቱን ይግዛ?

ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ዕቃ ቀረበላችሁ እንበል። አንዷ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የናስ ክብ ናት፤ ነጋዴ በዝርዝር ሳንቲም ፈንታ በራሱ ስም ያስመታት፣ ቶከን የምንላት። የአንድ ባለሱቅ ስም፣ የከተማው ስምና «የ5 ሳንቲም ዕቃ ታስገዛለች» የሚል ጽሑፍ አለባት። ሌላው መዳፍ የሚሞላ የነሐስ ሜዳሊያ፣ የኤግዚቢሽን ማስታወሻ ነው። የኤፍል ማማ ተቀርጾበታል፣ ከሥሩ 1889 ይላል። የቱን ታነሳላችሁ?

ጀማሪ ሁሉ ሜዳሊያውን ያነሳል። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል። ሻጩም የሚያሞግሰው እሱን ነው። እኔ ግን ከለገጣፎም ከቡራዩም ከገላንም ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን ግዙ፣ ብረቱን አትግዙ። ዕቃው ላይ ስም፣ ቦታና ዘመን ካለ ቶከንም ይሁን ሜዳሊያ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ አይቀርም። ሦስቱም ከሌሉ ግን ንጹሕ ብር ቢሆን እንኳ ወርቅ ቤት መዝኖ ከሚሰጣችሁ ብዙም አታተርፉም።

ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ከየት መጡ

ቶከን የተወለደው ከችግር ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ዝርዝር ሲጠፋ ባለሱቁ ማስቲካ ወይም ከረሜላ በመልስ ፈንታ እንደሚሰጠን፣ የድሮ ነጋዴም ዝርዝር ሲጠፋበት የራሱን አስመታ። እንግሊዝ አገር የመንግሥት የመዳብ ሳንቲም በጠፋበት ጊዜ በዌልስ ያለው የፓሪስ ማይን የመዳብ ኩባንያ በ1787 የራሱን ፔኒ አወጣ። ሌሎች ነጋዴዎችም ተከተሉት።

የአሜሪካው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም ሕዝቡ መጀመሪያ ወርቁንና ብሩን ደበቀ፣ ቀጥሎ በ1862 አንዷን ሳንቲም ሳይቀር ደበቀ። ዳቦ ቤቱ፣ ጠጅ ሻጩ፣ ፀጉር አስተካካዩ መልስ የሚሰጠው አጣ። ስለዚህ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላትን የመዳብ ቁራጭ አስመትቶ፣ በአንድ ወገን ስሙንና አድራሻውን ጻፈባት። ገንዘብም ማስታወቂያም በአንድ ብረት ላይ ሆኑ። በኒው ዮርክ ሊንደንሙለር የሚባል ባለ መጠጥ ቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዳሠራጨ ይነገራል። የከተማው የፈረስ ባቡር ድርጅት ከተሳፋሪ የሰበሰበውን ይዞ «ቀይርልኝ» ቢለው እንቢ አለ ይባላል። መንግሥት በሚያዝያ 22 ቀን 1864 ባወጣው ሕግ የግል ሳንቲም መምታትን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ቶከን ገንዘብ ነኝ ማለቱን ትቶ «በዚህ ቤት የዚህን ያህል ያስገዛል» ወደሚለው ዞረ።

እኛም ዘንድ ያው ችግር ነበር። ጠገራ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ እንቁላል አይገዛበትም። ስለዚህ አሞሌ ጨውና ጥይት በዝርዝርነት አገለገሉ። የጅቡቲ ንግድ ምክር ቤትም በ1920 እና በ1921 ስሙን የያዘ የሳንቲም ቶከን አውጥቶ ነበር። ያኔ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ያችን ቶከን እዚህ ያገኘ ሰው ቀረብ ብሎ ይያት፤ ከሩቅ አገር ዕቃ ይልቅ የእኛን ንግድ ታሪክ የምትናገር ናት።

የኤግዚቢሽን ማስታወሻ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ማንም ሳይቸግረው፣ ለደስታና ለትዝታ የተሠራ ነው። በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ የመስታወት ቤተ መንግሥት ተሠርቶ የመጀመሪያው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ገባ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ማስታወሻ የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ ቆርቆሮ በበዛበት ነጭ ብረት የተሠሩ ርካሽ ሜዳሊያዎች ተሸጡለት። የፓሪሱ 1889፣ የቺካጎው 1893፣ የሴንት ሉዊሱ 1904 ሁሉም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

እዚህ ላይ የገዢውን ኪስ የሚነካ ነጥብ አለ። ማስታወሻ ሆን ተብሎ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። የገዛው ሰው ሣጥን ውስጥ አኖረው፣ ልጆቹም አኖሩት። ስለዚህ ብዙው ተርፏል፣ በደህና ሁኔታም ይገኛል። ቶከን ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ ሱቁ ሲዘጋ የተጣለ ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት ቶከን በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

የቺካጎው ግማሽ ዶላር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያውን የመታሰቢያ ሳንቲሟን ለዚያ ኤግዚቢሽን አወጣች፤ የኮሎምበስ ምስል ያለበት፣ 12.5 ግራም የሚመዝን፣ ከሺህ 900 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ። ግማሽ ዶላሩን በአንድ ዶላር ሸጡት። የተሠራው ግን ከሚፈለገው በላይ ስለነበር ብዙው ሳይሸጥ ቀረና በመጨረሻ እንደ ተራ ገንዘብ ገበያ ገባ። ዛሬ ያረጀው የሚሸጠው ከብሩ ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ነው። «የ130 ዓመት ዕቃ ነው፣ ብርቅ ነው» ብሎ ሰማይ የሚሰቅልባችሁ ሻጭ ካለ ይህን አስታውሱ። ዕድሜና ብርቅነት አንድ አይደሉም።

ዘመኑን ማረጋገጥ

በዚህ የኤግዚቢሽኑ ወገን ያሸንፋል። ዓመቱ፣ ከተማውና የበዓሉ ስም ተጽፎበታል። ከመጽሐፍ ወይም ከድረ ገጽ ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ምሽት ላይ መብራት እስካለ ድረስ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ሥራ ነው።

ነገር ግን የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት ነው ማለት አይደለም። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠገራ ብር ላይ 1780 ተጽፏል፤ ግን ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። የፈረንሳይ ሜዳሊያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ የድሮ ቅርጾችን እያወጣ ደግሞ ይመታል። ደግነቱ ጠርዛቸው ይናገራል። ከ1845 እስከ 1860 የተመታው ጠርዝ ላይ የሚጠቁም እጅ አለ። ከዚያ እስከ 1880 ንብ አለ። ከ1880 ወዲህ ፍሬ የሞላበት ቀንድ ሆነ። «የ1855 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ሜዳሊያ» ተብሎ ጠርዙ ላይ ቀንድ ካያችሁ፣ ኋላ በሌላ ዘመን የተመታ ነው። ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ግን በመጀመሪያው ዋጋ አይገዛም። ይህች ምልክት ጥቃቅን ስለሆነች ማጉያ መነጽር ያዙ።

ቶከን ላይ ብዙ ጊዜ ዓመት የለም። ገዢው መርማሪ መሆን አለበት። የሚያግዙ ነገሮች አሉ። አሉሚኒየም በርካሽ መሠራት የጀመረው በ1886 አዲሱ የማምረቻ ዘዴ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «የ1860ዎቹ ነው» የተባለ ቀላል የአሉሚኒየም ቶከን ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። የቦታ ስምም ይጠቅማል። በአሜሪካ ኦክላሆማ ስቴት የሆነችው በ1907፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ በ1912 ነው። ከዚያ በፊት «ቴሪቶሪ» ተብለው ይጠሩ ስለነበር፣ ያ ቃል ያለባት ቶከን ዘመኗን ራሷ ትናገራለች። ሰብሳቢዎችም ይሻሟታል።

ከተማ ያልተጻፈባት ቶከን ግን ሌላ ናት። የሰው ስምና «5 ሳንቲም» ብቻ አለባት። አሜሪካኖቹ ሰብሳቢዎች ማቨሪክ ይሏታል፤ ባለቤት አልባ እንደማለት ነው። ርካሽ ናት። የድሮ የንግድ ማውጫና የስልክ መዝገብ እየፈለጉ ባለቤቷን ማግኘት የሚወድ ሰው ካለ፣ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ደስታ ያገኝባታል። ከተማዋ የተገኘ ቀን ዋጋዋም ይጨምራል። ትዕግሥት ለሌለው ግን አልመክርም።

አስመሳዩ

ሁለቱም ወገን ሐሰተኛ አለበት፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል።

በቶከን በኩል አደገኛው ጭራሽ ኖሮ የማያውቅ ቶከን ነው። የዱሮው የአሜሪካ ምዕራብ ሴተኛ አዳሪ ቤት ነው የሚል፣ አስቂኝ ነገር የተጻፈበት የናስ ቁራጭ በሰፊው ይሸጣል። ለቱሪስት የተፈጠረ ነው። እውነተኛ ነጋዴ ቶከኑ ላይ ቀልድ አይጽፍም፤ ስሙን፣ ቦታውንና ዋጋውን ጽፎ ይጨርሳል። ጽሑፉ ከመጠን በላይ ጣፋጭ ከሆነ ተጠራጠሩ። ተራ የሆነችውን የትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት ቶከን ግን አስመስሎ ለመሥራት የሚደክም ሰው ብዙም የለም። አያዋጣውም። ለጀማሪ ትልቁ መተማመኛ ይሄ ነው።

በሜዳሊያና በብር በኩል ያለው ችግር ቅጂ ነው። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስደው ያቀልጡና ያፈሳሉ። ጠርዙን በመነጽር እዩት፤ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ የአረፋ ነጠብጣብ የመሰሉ ጉድጓዶች፣ የደበዘዙ ፊደሎች ካሉ ተዉት። የተመታ ብረት ፊደሉ ጥርት ያለ ነው።

ብረትን በውሃ መመዘንን ሁላችሁም ልመዱት። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። መጀመሪያ ዕቃውን መዝኑ። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ዕቃውን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታቹን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙና የመጀመሪያውን ክብደት በእሱ አካፍሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ብረቱ ምን እንደሆነ ይጠቁማችኋል። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ውሃ ውስጥ 2.75 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት፤ ሲካፈል 10.2 ይመጣል። ናስ ከሆነ 8.5 አካባቢ ይመጣል። አሉሚኒየም 2.7 ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ብርም፣ ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ የተመታው፣ 28.075 ግራምና ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ማግኔትም ያዙ፣ ግን በሱ ብቻ አትማመኑ፤ ናስም መዳብም ማግኔት አይስባቸውም።

ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ስስ ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ደረት ላይ የሚደረግ የማስታወቂያ ቁልፍ ወይም የኪስ መስታወት ከሆነ ግን ውሃ እንዳይነካው። ከሥሩ ያለው ወረቀት ያብጣል።

ቀዳዳና ጽዳት

ቀዳዳ ያለበትን ነገር እዚህ አገር በብዛት ታገኛላችሁ። ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር አንገት ላይ ይደረግ ነበር። በሳንቲም ላይ ኋላ የተበሳ ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል። በኤግዚቢሽን ሜዳሊያ ላይ ግን ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የነበረ ነው፤ በሪባን አስረው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ስለዚህ በቀዳዳ ብቻ ዋጋ አታስቀንሱ፣ ሻጩም በቀዳዳ ብቻ አያስደንግጣችሁ። መለያው የቀዳዳው ቦታ ነው። ልክ ከምስሉ አናት በላይ፣ ፊደል ሳይነካ ከተበሳ የፋብሪካ ነው። ፊደል ከበላ ግን ኋላ በሚስማር የተበሳ ነው።

ስለ ጽዳት ደግሞ ከልቤ እለምናችኋለሁ። ሎሚና አመድ አታስነኩት። እናቶቻችን ናሱን ሁሉ በሎሚ ፈትገው እንደ ወርቅ ያበሩታል፤ ለሳህንና ለጽዋ ጥሩ ነው። ለቶከን ግን ሞት ነው። ያ ቡናማ ቆዳ መቶ ዓመት የፈጀ ነው፣ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ሰብሳቢ የተፈተገ ቶከን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በነጭ ብረት የተሠራ የ1851 ሜዳሊያ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ጨርቅ ራሱ ይጭረዋል። አቧራ ካለበት ለብ ባለ ውሃ ነከር፣ ሳታሹ ማድረቅ፣ አለቀ።

ዳር ከተማ ሆኖ የት ይገኛል

ከተማው ዳር መኖር ለዚህ ሥራ ጉዳት ይመስላል። ቸርችል ጎዳና ካሉት የአንቲካ ሱቆች ሩቅ ነን፣ መርካቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ነባር ቤተሰቦች ገላን ጉራና አራብሳ ገብተዋል። የአያት ሣጥን፣ የአባት የቢሮ መሳቢያ፣ የድሮ ቡና ቤት ዕቃ አብሯቸው መጥቷል። ጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ ሲያጣ የሚሄደው ወደ ቆራሌው ነው።

ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ናስና መዳብ በኪሎ ይሸጣል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ስም የተጻፈበት ቶከንም፣ የድሮ ድርጅት ቁልፍ መያዣም፣ የመታሰቢያ ሜዳሊያም ከተሰበረ ቧንቧ ጋር አንድ ላይ ይመዘናል። ይህ ያሳዝነኛል። የሰፈራችሁን ቆራሌ ልጅ ተዋወቁ። «ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ክብ ነገር ስታገኝ ለኔ አሳየኝ» በሉት፣ ከኪሎው ዋጋ ከፍ አድርጋችሁ ክፈሉት። እሱም ይጠቀማል፣ ዕቃውም ይተርፋል። ሽማግሌ ወይም እናት ራሳቸው ሲሸጡ ካገኛችሁ ግን የሚሸጡትን ዕቃ ትክክለኛ ዋጋ ንገሯቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ከብረቱ በላይ ያወጣል» ማለት አያከስርም። ሁለተኛው ሣጥን የሚከፈተውም ላመኑት ሰው ነው።

የአንቲካ ሱቅ ሌላ ዓለም ነው። ዋጋው ለቱሪስት የተሠራ ነው፣ ቅጂ ጠገራ ብርም ይደባለቃል። ጥቅሙ ዕቃውን በእጅ አገላብጦ፣ መዝኖ መግዛት መቻሉ ነው። ሁለተኛ ቀን ተመልሳችሁ ለመሄድ አትፈሩ።

ከውጭ መግዛት ሦስተኛው መንገድ ነው። የአሜሪካ ቶከንና የቺካጎ ማስታወሻ በብዛት ያለው እዚያው አሜሪካ ነው። አብዛኛው ሰው እዚያ ያለ ዘመዱን ይለምናል። እንደዚያ ከሆነ ቶከን ይሻላል፤ ቀላል ናት፣ በፖስታ ወረቀት ውስጥ ትገባለች፣ ዘመዳችሁን ሻንጣ አታስከብድም። የሴንት ሉዊሱ ቀይ ብርጭቆ ግን፣ የጎብኚው ስም የተቀረጸበት፣ እጅግ ያምራል፣ በሰላም መድረሱ ግን ዕድል ነው። ዘመድ ከመላካችሁ በፊት የሁለቱንም ገጽና የጠርዙን ፎቶ ከሻጩ ጠይቁ።

የአገር ውስጡ ወገን

እኔን የሚያጓጓኝ ይሄኛው ነው።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ላይ የብር ኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ለዚያው በዓል ነው የተመረቀው። የዚያ በዓል ሜዳሊያ፣ ቴምብር፣ የፕሮግራም ወረቀት የኛው የኤግዚቢሽን ማስታወሻ ነው። የለንደንና የፓሪሱን ያህል አልታተመበትም፣ አልተጻፈበትም፣ ሰብሳቢውም ጥቂት ነው። በዚህ ዘመን በቅናሽ መግዛት የሚቻለው እንዲህ ያለውን ነው።

የ1967ቱ የሞንትሪያል ኤግዚቢሽንም አለ። ኢትዮጵያ የራሷ አዳራሽ ነበራት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሄደው ጎብኝተዋል። ጎብኚዎች ፓስፖርት የሚመስል የመግቢያ ደብተር ይዘው በየአዳራሹ ማኅተም ያስመቱ ነበር። የኢትዮጵያ አዳራሽ ማኅተም ያረፈበት ደብተር ከካናዳ ሻጮች ሊገኝ ይችላል። ወረቀት ነው፣ ብር አይደለም። ግን ስሙም ቦታውም ዘመኑም አንድ ገጽ ላይ ሰፍሯል።

በነጋዴው በኩል የእኛ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቶከን አይደለም፤ የማስታወቂያ ስጦታ ነው። የጠርሙስ መክፈቻ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ የብረት ትሪ፣ ቁልፍ መያዣ፣ ግድግዳ ላይ የሚመታ ቀለም የተቀባ የማስታወቂያ ቆርቆሮ። ጊዮርጊስ ቢራ ከ1922፣ አምቦ ውሃ ከ1930፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1945 ጀምሮ ያሉ ስለሆኑ የየዘመኑ ዕቃ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅቱን ዓርማ ለውጥ አጥኑ። የዓርማው ቅርጽ ዘመኑን ይነግራችኋል፤ የቅርብ ጊዜ ዓርማ ያለበትን መክፈቻ የንጉሡ ዘመን ነው ብሎ መሸጥ እየተለመደ ነው። የስልክ ቁጥሩን አሃዞችም ቁጠሩ፤ አጭር ቁጥር የድሮ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት

በአንድ ዕቃ ላይ ነጋዴውም ኤግዚቢሽኑም ካሉ ሌላውን ትታችሁ እሱን ግዙ። በቺካጎው ኤግዚቢሽን ሄንዝ የተባለው የምግብ ነጋዴ ቦታ የደረሰው ፎቅ ላይ ነበር፤ ሰው ደረጃ ወጥቶ አይመጣለትም። «ይህን ይዞ ለመጣ ነፃ ማስታወሻ አለ» የሚል ካርድ በየቦታው አስበተነ። የሰጠውም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ቅርጽ ያላት አረንጓዴ ጌጥ ነበረች። ሕዝቡ ጎረፈ። ያቺ ጌጥ ዛሬም በሰብሳቢ ዘንድ ትፈለጋለች፤ ማስታወቂያም ማስታወሻም ናት።

በ1901 የቡፋሎ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ አንድ ሳንቲም በአሉሚኒየም ቀለበት ውስጥ ተከቶ መታየት ጀመረ። ቀለበቱ ላይ ጽሑፍ ተመታ፣ በኋላም ነጋዴዎች ስማቸውን እያስመቱ አደሉት። እዚህ ላይ ማስተዋል ያለባችሁ መሐል ያለው ሳንቲም ዓመት ከቀለበቱ ዘመን ጋር መግጠሙን ነው። ቀለበቱን ከፍቶ ሌላ ሳንቲም መክተት ይቻላል፤ የተነካ ከሆነ ቀለበቱ ጠርዝ ላይ ጭረት ይቀራል።

ለማን የቱ

በወር ትንሽ ገንዘብ የሚተርፋችሁ፣ ማንበብ የምትወዱ፣ አንድ ነገር ለማወቅ ሳምንት ብትደክሙ የማይሰለቻችሁ ከሆናችሁ ቶከን ግዙ። ስምና ከተማ ያለበትን ብቻ። የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ሙያ፣ ለምሳሌ የዳቦ ቤት ብቻ፣ ብላችሁ ብትጠቡ ስብስባችሁ ቶሎ መልክ ይይዛል።

ለስጦታ፣ ለሳሎን፣ ወይም ለልጅ ታሪክ ለማስተማር ከሆነ የኤግዚቢሽን ሜዳሊያ ይሻላል። ልጅ የኤፍል ማማን ያውቃል፤ የኦሃዮ ዳቦ ጋጋሪን አያውቅም። ነሐሱን ከነጭ ብረቱ አስበልጡ፤ ይጠነክራል፣ በልጅ እጅም አይቆረስም።

ገንዘብ ለማኖር ብላችሁ ከሆነ ሁለቱንም አልመክርም። ለመሸጥ ስትፈልጉ እዚህ አገር ገዢ ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ዕቁብ ወይም ባንክ ይሻላችኋል።

ሁለቱንም የምትችሉ ከሆናችሁ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመታችሁ የአገር ውስጡን አስቀድሙ። የቺካጎው ሜዳሊያ የትም አይሄድም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ይገዛል። ከፒያሳ የመጣው ሣጥን ግን ዘንድሮ ነው የሚፈተሸው።

ሕጉና አያያዙ

አገር ውስጥ የገዛችሁትን የቆየ ዕቃ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ ወይም ለዘመድ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አየር ማረፊያ ላይ «የአያቴ ነው» ማለት መልስ አይሆንም።

ለማስቀመጥ ለስላሳውን የሚሸት ፕላስቲክ ኪስ ተዉት። ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣና ናሱን ይበላዋል። ደረቅ ወረቀት ፖስታ ይሻላል። በክረምት ሱሉልታና ሰበታ በኩል ያለው እርጥበት ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ካለ ሣጥን ይልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ፖስታው ላይ ከማን፣ ከየትኛው ሰፈር፣ መቼና በስንት እንደገዛችሁ በእርሳስ ጻፉ። ሻጩ ስለ ዕቃው የነገራችሁን ታሪክም ጨምሩበት፤ «የባለቤቴ አባት አንድ ቡና ቤት ሲሠሩ ያገኙት ነው» የሚለውን ዓይነት። ባለ ዕቃው ስሜ አይጻፍ ካለ ሰፈሩን ብቻ ጻፉ።